ቀላሉ ኮራል እንዴት ቀላል ሆነ

ኦስሎ ውስጥ ትንሽ የጨው ውኃ አኳሪየም ሊጀምር የተነሣ ሰው የትኛውን ኮራል እንደሚያስገባ ቢጠይቅ የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። እንጉዳይ የሚመስለው ዲስኮሶማ፣ ቆዳማው ሳርኮፊተን፣ ጣቶቹን ያለማቋረጥ የሚጨብጥና የሚዘረጋው ዜኒያ፣ በድንጋይ ላይ እየተንሰራፋ የሚያድገው ዞአንተስ ይጠቀሱለታል። «ለጀማሪ ቀላል» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ሁሉም የሞቃት ባሕር ተወላጆች ናቸው። ከከተማዋ በስተደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ግን፣ በህቫለር ደሴቶች አጠገብ፣ ቲስለር የተባለ ሕያው የኮራል ሪፍ አለ። በአውሮፓ ባሕር ዳርቻዎች አጠገብ ከሚታወቁት የቀዝቃዛ ውኃ ሪፎች ከትላልቆቹ አንዱ ነው፤ ለጀማሪ የሚመክረው ግን የለም። የሩቁ እንግዳ ቀላል፣ የቅርቡ ጎረቤት ከባድ የሆነው ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ ቀላልነትን የእንስሳው ጠባይ ያደርገዋል፤ አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ደካማ ሆኖ ተፈጥሯል ይላል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ቀላል ኮራል የምንለው በታሪክ ሂደት ቀላል የሆነ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በፈጀ ጊዜ ውስጥ ስም ያወጡለት ተጓዦች፣ ምግቡን የመረመሩ ሳይንቲስቶች፣ ጨውና መብራት ያዘጋጁ ፋብሪካዎች፣ ቁራጩን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባበሉ አሳዳጊዎች ቀላል አድርገውታል። ኦስሎ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት፤ ስለ ራሷ ኮራል ብዙ የጻፈች ከተማ ሆና ሳለ ለቤቷ የምትመርጠው ከሌላ ባሕር የመጣውን ነውና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኦስሎ የኮራል ታሪክ የሚጀምረው ከድንጋይ ነው። ከ440 እስከ 420 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ሳይሉሪያን በሚባለው ዘመን፣ ዛሬ ከተማዋ ያለችበት ምድር ከምድር ወገብ ብዙም ያልራቀ፣ የሞቀና ጥልቀት የሌለው ባሕር ወለል ነበር። የዚያ ባሕር ኮራሎች፣ ፋቮሳይተስና ሃሊሳይተስ የተባሉት፣ ማልሞያን በመሳሰሉ የፊዮርዱ ደሴቶች የኖራ ድንጋይ ውስጥ ዛሬም በዓይን ይታያሉ። በመካከለኛው ዘመን የተሠራው፣ በከተማዋ እስካሁን ከቆሙት ሕንፃዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ጋምሌ አከር ቤተ ክርስቲያን ከአካባቢው የኖራ ድንጋይ ታንጿል። የከተማዋ ሰው ኮራል እንስሳ መሆኑን ከማወቁ ስድስት መቶ ዓመት ቀድሞ የጥንታዊውን ባሕር ወለል ጠርቦ ግድግዳ አድርጎታል ማለት ነው። ያንን የድንጋይ መዝገብ በወጉ ያነበበው የከተማዋ የቅሪተ አካል ተመራማሪ ዮሃን ሼር ሲሆን፣ በ1899 ስለ ጥንታዊዎቹ ኮራሎች፣ በ1908 ደግሞ ስለ አካባቢው የሳይሉሪያን ድንጋዮች በአጠቃላይ ያሳተማቸው ሥራዎች ለዘርፉ መሠረት ሆነዋል። እነዚያ ኮራሎች የዛሬዎቹ ቀጥተኛ አያቶች አይደሉም፤ ወገናቸው ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ጠፍቷል። ይሁንና አንድ ነገር ያስተምራሉ። ለአንድ ኮራል «አገሩ» የሚሆነው በካርታ ላይ ያለ ስፍራ ሳይሆን የሙቀት፣ የብርሃንና የምግብ ሁኔታ ነው። ሁኔታው ሲለወጥ ኦስሎ የሞቃት ባሕር ኮራል አገር መሆኗ ቀረ። በስልሳ ሊትር መስታወት ውስጥ ያንን ሁኔታ መልሶ መፍጠር ሲቻል ደግሞ በጠባቡም ቢሆን እንደገና አገሩ ትሆናለች።

የቀዝቃዛው ባሕር ኮራል ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ዓሣ አጥማጆች ከሳይንቲስቶች በፊት ያውቁት ነበርና። በመንጠቋቸውና በመረባቸው ተሰባብሮ እየወጣ ለካህናትና ለባለሥልጣናት ይደርስ ነበር። ኤሪክ ፖንቶፒዳን የበርገን ጳጳስ ሳለ በ1752 እና በ1753 ባሳተመው የኖርዌይ የተፈጥሮ ታሪክ ውስጥ ስለነዚህ የባሕር ዕፅ መሳዮች ጽፏል። ሊኒየስ በ1758 ዛሬ ሎፌሊያ የምንለውን ኮራል የሳይንስ ስም ሰጠው። የትሮንድሃይም ጳጳስ ዮሃን ኤርንስት ጉነሩስ በ1768 ስለ ኖርዌይ ኮራሎች ራሱን የቻለ ጽሑፍ አወጣ። በኋላም በምዕራቡ ጠረፍ ቄስ የነበረው ሚካኤል ሳርስ በ1854 ኦስሎ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ክርስቲያኒያ፣ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። የሳርስ ሥራ ለዚህ ጽሑፍ ልዩ ዋጋ አለው። በ1865 ባሳተመው ጥናት ከኦስሎ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ፊዮርዱ በሚጠብበት በድሮባክ አካባቢ የሚገኙ የሎፌሊያ አጽሞችን ገለጸ፤ ከበረዶ ዘመን በኋላ ምድሩ ቀስ በቀስ ከባሕር ከፍ ሲል አብረው የወጡ ናቸው። በኦስሎ ዙሪያ የጥንቱ የባሕር ዳርቻ ምልክት ከዛሬው የባሕር ወለል 220 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚታይ በመሆኑ የዚህ ለውጥ ስፋት አያስገርምም። ዩኒቨርሲቲው በ1894 እዚያው ድሮባክ ላይ የባሕር ሥነ ሕይወት ጣቢያ ከፈተ። ሃልማር ብሮክ በ1922 በሰሜኑ ባሕር ስላሉት ሪፍ ሠሪ ኮራሎች ጥንትና አሁን ጻፈ፤ ካርል ዶንስ በ1944 የአገሪቱን የኮራል ሪፎች አንድ ላይ አሰባስቦ አሳተመ። ይህን ሁሉ ያነሣሁት ዕውቀት እንዳልጎደለ ለማሳየት ነው። ከፖንቶፒዳን እስከ ዶንስ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጥናት ነበር፤ ግን ይህ ዕውቀት አንድም የሎፌሊያ ቅርንጫፍ ወደ ቤት ገንዳ አላመጣም፤ የሚያመጣበትም ምክንያት አልነበረውም። ኮራሉ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚመስልና ዕድሜው ስንት እንደሆነ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እንዴት እንደሚመገብ፣ ምግቡንም ውኃውን ሳያበላሹ እንዴት እንደሚሰጡት ማወቅ ሌላ ነው።

ከሞቃቱ ባሕር የመጡትን ኮራሎች ታሪክ ለመከተል ወደ ቀይ ባሕር መውረድ ያስፈልጋል፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ በኋላ የሚነሡት ስሞች አዲስ አይሆኑበትም። ጉነሩስ ስለ ኖርዌይ ኮራሎች በሚያጠናበት አሥርት ዓመት፣ ዴንማርክንና ኖርዌይን አንድ አድርጎ ይገዛ የነበረው ንጉሥ ፍሬድሪክ 5ኛ የሳይንስ ቡድን ወደ ቀይ ባሕርና ወደ የመን ልኮ ነበር። ቡድኑ በ1761 ከኮፐንሃገን ተነሣ፤ የተፈጥሮ ተመራማሪው ፔተር ፎርስኮል በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ ከቡድኑ በሕይወት የተረፈው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር። የሟች ጓደኛውን ማስታወሻዎች በ1775 ያሳተመው ኒቡር ሲሆን ዛሬም የጸና ስም ያላቸው የቀይ ባሕር ኮራሎች በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ የሰሜኑና የቀይ ባሕሩ ኮራል በአንድ ዘውድ ሥር፣ በአንድ ትውልድ ሰዎች ወደ መዝገብ ገቡ። ቀጥለው የመጡት ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግና ቪልሄልም ሄምፕሪክ ናቸው። በ1820 ጉዟቸውን የጀመሩት እነዚህ ሁለት ጀርመናውያን ሊቃውንት ከግብፅ ተነሥተው በቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ምጽዋ ዘልቀዋል፤ ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ታሞ ሞተ። ኤረንበርግ ብቻውን ተመልሶ በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ያሳተመው ሥራ ዛሬ በአኳሪየም ውስጥ የሚታዩ ብዙ ዝርያዎችን ስም ይዟል። ፀጉራም የእንጉዳይ ኮራል የሆነው ሮዳክቲስ ሮዶስቶማ፣ ጣታማው ሲኑላሪያ ሌፕቶክላዶስ፣ የዜኒያ ቅርብ ዘመድ የሆነው ሄተሮዜኒያ ፉሰሰንስ ሁሉም ከዚያ መጽሐፍ የወጡ ናቸው። ዜኒያንማ ላማርክ ቀደም ብሎ በ1816 ሰይሞታል።

የጀማሪዎች ሁሉ መነሻ የሆነውን የዲስኮሶማን ስም ያገኘነው ግን ከሌላ መንገደኛ ሥራ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል ከቀይ ባሕር የሰበሰባቸውን አከርካሪ አልባ እንስሳት ከሎይካርት ጋር ሆኖ በ1828 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይህ ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ ተገለጸ። ከዚያ በኋላ በ1831 በምጽዋ በኩል ገብቶ ሰሜንን አቋርጦ ጎንደር የደረሰው፣ ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ያው ሩፔል ነው። የሰሜን ተራሮች መታወቂያ የሆኑት እንስሳትና ኦስሎ ውስጥ በሰማያዊ መብራት ሥር የሚያድገው የእንጉዳይ ኮራል በአንድ ሰው እጅ ወደ መዝገብ መግባታቸው ከአጋጣሚ በላይ ትርጉም አለው። ለአኳሪየም የተመረጡት ኮራሎች ከሁሉም ባሕሮች ተወዳድረው ያሸነፉ አይደሉም። አውሮፓውያን መርከበኞችና ተመራማሪዎች ቀድመው በደረሱበት፣ ውኃው ጥልቀት በሌለውና በእግር ገብተው ለመሰብሰብ በሚቻልበት ዳርቻ የተገኙ ናቸው። የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው በአሳዳጊዎች ሳይሆን በመንገድ ነበር።

ስም ግን ሕይወት አያቆይም። የለንደን የእንስሳት ማቆያ ስፍራ የመጀመሪያውን ሕዝባዊ አኳሪየም በ1853 ሲከፍት፣ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስም በቀጣዩ ዓመት ስለ አኳሪየም መጽሐፉን ሲያወጣ፣ የቤት ውስጥ የባሕር ገንዳ ፋሽን ሆነ። የተያዙት ግን በአመዛኙ የእንግሊዝ ዳርቻ አኔሞኖችና ሸርጣኖች ነበሩ። የሞቃት ባሕር ኮራልን በሕይወት ለማቆየት ገና መቶ ዓመት ያህል ይቀር ነበር። ለዚህ ዋናው ምክንያት ኮራል ምን እንደሚበላ አለመታወቁ ነበር። ካርል ብራንት በ1881 በኮራልና በአኔሞን ሥጋ ውስጥ የሚኖሩትን ወርቃማ ጥቃቅን ሕዋሳት አልጌ መሆናቸውን ለይቶ ስም ቢያወጣላቸውም፣ አልጌዎቹ ለባለቤታቸው ምን እንደሚሠሩ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። በ1928 እና በ1929 አውስትራሊያ ወደሚገኘው ታላቁ የኮራል ሪፍ የተጓዘውን የብሪታንያ ቡድን የመራው ሞሪስ ዮንግ፣ ኮራል ሥጋ በል ነው፣ አልጌው ቆሻሻውን ያነሣለታል እንጂ አይመግበውም ብሎ ይከራከር ነበር። ተራ ሰው አልነበረም፤ የዘመኑ ቀዳሚ የኮራል ተመራማሪ ነው። ሊዮናርድ ማስካቲንና ካዴት ሃንድ በ1958 በራዲዮአክቲቭ ካርቦን ተጠቅመው አልጌው የሠራው ምግብ ወደ እንስሳው ሥጋ እንደሚሻገር እስኪያሳዩ ድረስ ጥያቄው ክፍት ነበር። እንግዲህ በ1930ዎቹ ዲስኮሶማን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ ሰው ቢኖር ምግብ አብዝቶ ብርሃን በነፈገው ነበር፤ እንስሳው ሲሞትም «ደካማ ነው» ብሎ በጻፈ። ዛሬ ያው እንስሳ ብርቱ ይባላል። የተለወጠው ስለ እርሱ ያለን ዕውቀት ብቻ ነው።

ዕውቀቱ ወደ ቤት የገባበት መንገድ ደግሞ ከጃካርታ በበርሊን በኩል ወደ ደቡብ ኖርዌይ ያመራል። የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 በአንድ የአሜሪካ የዓሣ ማሳደጊያ መጽሔት ላይ የራሱን ዘዴ አቀረበ። ከሪፍ የመጣ፣ ባክቴሪያና ጥቃቅን ፍጥረታት የሞሉበት ሕያው ድንጋይ፣ የፀሐይ ብርሃንና ለስለስ ያለ የአየር አረፋ ብቻ በቂ ናቸው አለ። እርሱ ግን ባሕሩ ከደጁ ነበር፤ ፀሐዩም ዓመቱን ሙሉ አይለየውም። ዘዴው ወደ ሰሜን ለመሻገር ምትክ ይሻ ነበር። በፋብሪካ የተዘጋጀ የባሕር ጨው በ1960ዎቹ ገበያ ላይ መዋሉ ለባሕሩ ምትክ ሆነ። ፔተር ቪልከንስ በ1973 ስለ አከርካሪ አልባ የባሕር እንስሳት አያያዝ በጀርመንኛ ያሳተመው መጽሐፍ ለዓሣ ጌጥ የሚታሰቡትን ኮራሎች ራሳቸውን የገንዳው ባለቤት አደረጋቸው። በ1980ዎቹ የበርሊን አሳዳጊዎች ሕያው ድንጋይን ቆሻሻን በአረፋ ከሚያወጣ ስኪመርና ከብርቱ መብራት ጋር አጣመሩ። ከመካከላቸው ዲትሪሽ ሽቱበር ያሳደገውን ድንጋያማ የአክሮፖራ ኮራል እየቆራረጠ ለሌሎች ማከፋፈሉ ከመሣሪያው ሁሉ የበለጠ ለውጥ አመጣ ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ከዚያ ወዲህ ኮራል የሚገዛ ብቻ ሳይሆን እንደ እንሰት ተቀንሶ ለጎረቤት የሚሰጥ ሆነ። ይህን ሁሉ ልምድ ወደ አንድ ታላቅ ሥራ የሰበሰቡት ሁለት ኖርዌጂያውያን ናቸው፤ ስቫይን ፎሶና አልፍ ያኮብ ኒልሰን። ስለ ኮራል ሪፍ አኳሪየም ያዘጋጁት ባለ ብዙ ቅጽ ሥራ ከ1992 ጀምሮ በጀርመንኛ፣ ከ1996 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ታትሞ በዓለም ዙሪያ የአሳዳጊዎች መመሪያ ሆነ። ሞቃት ባሕር በሌላት አገር ይህ መጽሐፍ መጻፉ አያስደንቅም። ውኃው ከደጁ ያለ ሰው ስለ ጨዋማነት ልኬት አይጨነቅም፤ ሁሉን ነገር በእጁ መሥራት ያለበት ግን ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት ይገደዳል።

ለዚህ ሐሳብ ጠንካራ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ለስላሳ ኮራሎች በተፈጥሯቸው ብርቱዎች አይደሉምን? ሳርኮፊተንና ዲስኮሶማ በሪፉ ጠርዝ፣ ደለል በሚበዛበትና ብርሃን በሚዋዥቅበት ስፍራ ይኖራሉ፤ አክሮፖራ የማይችለውን ይችላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ከለስላሳው ኮራልና ከአክሮፖራ አንዱን ለጀማሪ መምረጥ ካለብን የተፈጥሮ ልዩነታቸው ይወስናል። ነገር ግን ብርታት ብቻውን ቀላል አያደርግም፤ ለዚህም የኖርዌይ ባሕር ራሱ ሁለት ምስክሮች ያቀርባል። አንደኛው አልሲዮኒየም ዲጂታተም ነው። እርሱም ለስላሳ ኮራል ነው፣ የሳርኮፊተን ዘመድ ነው፤ በኖርዌይ ጠረፍ በብዛት ይገኛል፤ የሰሜኑን ብርድና ማዕበል የሚችል ብርቱ ፍጥረት ነው። ነገር ግን በሥጋው ውስጥ አልጌ የለውም፤ ከውኃው ምግብ እየለቀመ ይኖራል፤ ከበጋው ማብቂያ ጀምሮ ለወራት ፖሊፕ የተባሉትን የመመገቢያ አካላቱን ሰብስቦ መብላት ያቆማል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ሞተ ብሎ ያወጣዋል። ሁለተኛው ምስክር የቲስለር ሎፌሊያ ነው። በ2006 በሪፉ ላይ ያለው ውኃ በድንገት ሞቆ ስፖንጆች በብዛት ሲያልቁ ሎፌሊያው ተርፏል። ደካማ አይደለም ማለት ነው። ለማሳደግ ከባድ የሆነው ብርሃን ስለማይመግበው ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ብርቱ ፍሰትና በየጊዜው የሚሰጥ ፕላንክተን ይሻል። ከቲስለር ማዶ በስዊድን ጠረፍ ያለው የቲያርኖ የባሕር ጣቢያ ሎፌሊያን በገንዳ አቆይቶ እጮቹን እስከ ማሳደግ ደርሷል፤ እርሱ ግን ከባሕሩ ጥልቅ ውኃ በቧንቧ የሚስብ ቤተ ሙከራ ነው። እዚህ ላይ የክርክሩ ቁልፍ ይገኛል። ሥጋ የሚበላ ኮራል የሚሰጠው ምግብ ሁሉ ትንሹን ውኃ ያቆሽሻል፤ ብርሃን የሚበላው ግን ሲመገብ ውኃውን አያቆሽሽም። ለትንሽ ገንዳ ቀላል የሚያደርገው ይህ ነው፤ ይህንንም ለመጠቀም አስቀድሞ ማወቅ፣ ካወቁም በኋላ መብራቱን መሥራት ያስፈልግ ነበር።

ኦስሎ ላይ ደግሞ መብራቱ ሁሉ ነገር ነው። በታኅሣሥ ወር አጋማሽ የከተማዋ ቀን ስድስት ሰዓት አይሞላም፤ በሰኔ ወደ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይጠጋል። የሞቃት ባሕር ኮራል ግን ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል የተመደበ ብርሃን ለምዷል፤ ስለዚህ የኦስሎ ጀማሪ በመስኮት ብርሃን ሊተማመን አይችልም፤ በሰዓት ቆጣሪ የሚበራና የሚጠፋ የኤልኢዲ መብራት የግድ ነው። የፊዮርዱ ውኃም አያገለግለውም፤ ወንዞች ስለሚቀላቀሉበት ላይኛው ውኃ ጨዋማነቱ ከሙሉ ባሕር በጣም ያንሳል። ስለዚህ ጨውን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ በሊትር 35 ግራም ያህል ማድረስ፣ ሙቀቱንም ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ማቆየት ይኖርበታል። ትንሽ ገንዳ ከትልቅ ይልቅ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ከስልሳ ሊትር ውኃ ሦስት ሊትር ብቻ ቢተን፣ ጨው አብሮ ስለማይተን፣ 35 የነበረው ወደ 37 ሊጠጋ ይችላል፤ በክረምት በማሞቂያ በደረቀ ክፍል ውስጥ ይህ ለመሆን ብዙ ቀን አይፈጅም። የተነነውን በየቀኑ በንጹሕ፣ ጨው በሌለው ውኃ መተካት ከማናቸውም ውድ መሣሪያ ይልቅ ኮራልን ያድናል። ትንሽ ገንዳ እንዲህ በቀላሉ ስለሚዋዥቅ ነው ለስላሳ ኮራል የሚመረጠው። እንደ አክሮፖራ ትልቅ የኖራ አጽም ስለማይሠራ ካልሲየምና አልካሊኒቲ በየጊዜው እየለኩ መጨመር አያስፈልገውም፤ ትንሽ መዋዠቅም ይችላል። ከነዚህ መካከል የመጀመሪያው ምርጫ ዲስኮሶማ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መካከለኛ ብርሃንና ለስላሳ ፍሰት ይበቃዋል። ሁለተኛው ሳርኮፊተን ነው። ሆኖም የገዛ መከላከያው አለው፤ በ1974 ከቀይ ባሕር ሳርኮፊተን ሳርኮፊን የተባለ ኬሚካል ተለይቶ ወጥቷል፤ እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮች በጠባብ ውኃ ውስጥ ሌሎችን ኮራሎች ሊያደክሙ ይችላሉ። ዜኒያ ቀላል ነው ሲባል አንዴ ከተስማማው የማይቆም መሆኑም አብሮ መነገር አለበት፤ ከዋናው ድንጋይ በተለየ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ።

ዞአንተስን በተመለከተ «ቀላል» የሚለው ቃል አደጋ ሊሆን ይችላል። የቅርብ ዘመዱ ከሆነው ከፓሊቶዋ ሃዋይ ውስጥ ሪቻርድ ሙርና ፖል ሾየር በ1971 ፓሊቶክሲን የተባለውን መርዝ ለይተዋል፤ ከሚታወቁት የተፈጥሮ መርዞች ሁሉ እጅግ ብርቱ ከሚባሉት ነው። ሁለቱ ወገኖች በመልክ ስለሚመሳሰሉ ጀማሪ በቀላሉ አይለያቸውም። ስለዚህ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር መንካት፣ ከሁሉም በላይ ድንጋዩን በፈላ ውኃ ማጠብ ወይም መቀቀል አይገባም፤ እንፋሎቱን የተነፈሱ ሰዎች ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል የገቡባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ልጆች ባሉበት ቤት ዞአንተስን ለመጀመሪያ ኮራልነት አልመክርም፤ ምንም ያህል ውብና ርካሽ ቢሆን።

ሌላው ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው። የሞቃት ባሕር ሪፎች በሙቀት እየነጡ ባሉበት ዘመን ለአንድ የኦስሎ ሳሎን ጌጥ ከሪፍ ላይ ኮራል መንቀል ተገቢ ነው? ይህ ሊታለፍ የማይገባ ጥያቄ ነው። ድንጋያማ ኮራሎች ከ1985 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በሳይተስ፣ ማለትም በአደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት፣ ቁጥጥር ሥር ገብተዋል፤ ዲስኮሶማና ሳርኮፊተን ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ ሕጉ ብቻውን አይጠብቃቸውም። ኢንዶኔዥያ፣ ከዋናዎቹ ላኪ አገሮች አንዷ፣ በ2018 ኮራል መላክን አግዳ በኋላ እንደገና ፈቅዳለች። በዚህ ረገድ ኖርዌይ ስለ ራሷ ባሕር ያደረገችው ብዙ ያስተምራል። ረጅም የመንጠቆ ገመድ የሚዘረጉ ዓሣ አጥማጆች ኮራሉ በባሕር ወለል በሚጎተት መረብ እየተሰበረ መሆኑን አሳሰቡ፤ በ2002 የታተመ ጥናት ከአገሪቱ የኮራል አካባቢዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው መጎዳቱን ገመተ። መንግሥቱ ግን ቀድሞ በ1999 በመኖሩ የሚታወቅን ሪፍ ሆን ብሎ መስበርን የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የሱላ ሪፍ፣ በ2003 ቲስለርና ከአንድ ዓመት በፊት የተገኘው ግዙፉ የሩስት ሪፍ ከጎታች መረብ ተከለሉ፤ በ2009 ደግሞ ቲስለር የሚገኝበት የኢትረ ህቫለር ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ። ከባሕር ሳይወሰድ ሊያድግ የሚችል ነገር ካለ፣ ከባሕር መውሰድ ምክንያት ያጣል። የሽቱበር ኮራልን ቆርጦ የማካፈል ልማድ ታላቅ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዲስኮሶማ በምላጭ ለሁለት ቢከፈል ሁለቱም ወገን ይድናል፤ የሳርኮፊተን ባርኔጣ ተቆርጦ ድንጋይ ላይ ሲታሰር ሥር ይሰድዳል። ለትውልዶች በገንዳ ውስጥ የኖረ ቁራጭ በጉዞ ያልተጎሳቆለ፣ መብራቱንና የተበጠበጠውን ጨው የለመደ ነው። ቀላልነቱ የተሠራው በአሳዳጊዎች እጅ ነው ያልኩት ይኸው ነው፤ ቀላሉና ተገቢው ምርጫ በአንድ ላይ የሚገጥሙበት ስፍራም ይህ ነው።

የማይፈለገውን ኮራል ወደ ፊዮርዱ መልቀቅም የሚታሰብ አይደለም። የሞቃት ባሕሩ ዝርያ ክረምቱን ባይሻገርም አብረውት የሚሄዱ ጥቃቅን ፍጥረታትና በሽታዎች አሉ፤ ባዕድ ፍጥረታትን ወደ ተፈጥሮ መልቀቅን የሚቆጣጠር ደንብም በኖርዌይ ከ2016 ጀምሮ ይሠራል። ገንዳውን የሚያፈርስ ሰው ኮራሉን ለሌላ አሳዳጊ ይስጥ፤ ድንጋዩንና ውኃውንም ወደ ባሕር አይድፋ።

እንግዲህ ኦስሎ ውስጥ የምትኖሩ፣ ስልሳ ሊትር ገንዳ አዘጋጅታችሁ ምን እናስገባ የምትሉ ሁሉ፣ ገንዳው ውኃው እስኪረጋ አንድ ወር ያህል ይቆይ። ከዚያ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ኮራል የሚያሳድግ ሰው ፈልጋችሁ ከገንዳው የተቀነሰ አንድ የዲስኮሶማ ቁራጭ ጠይቁ። ከሱቅ የምትገዙም ከሆነ ኮራሉ በገንዳ የተራባ መሆኑን ሻጩ በግልጽ ይንገራችሁ፤ መልስ ከሌለው አትግዙ። አንዱ ሲሰፋና ሲከፈል እያያችሁ ወደ ሁለተኛው እለፉ፤ የተረፋችሁንም ለሚቀጥለው ጀማሪ ስጡ።